«ማኅበረሰብ» እና «ኅብረተሰብ» ልዩነት አላቸው?

የታቦር ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። ሐዋሳ ላይ የሶሲዮሎጂ መግቢያ እየተማርኩ ነው። መምህራችን አንዴ «ማኅበረሰብ»፣ አንዴ «ኅብረተሰብ» ይላሉ። ልዩነት አላቸው ወይስ አፋቸው ላይ እንደመጣ ነው?

ሐይቅ ዳር፦
አላቸው፤ ሊጠበቅም ይገባል። ሁለቱም «ኀበረ» ከሚለው የግእዝ ግስ ነው የተገኙት፣ አንድ ሆነ፣ ተባበረ ማለት ነው። «ሰብ» ደግሞ ሰው። በትምህርቱ ግን «ማኅበረሰብ» ስንል የሚተዋወቁ፣ ሰፈር ወይም እምነት ያስተሳሰራቸው ሰዎች ናቸው። «ኅብረተሰብ» ሰፊው ነው፤ ሕግ፣ ገበያና ውል ያያያዘው። ጀርመናዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ፈርዲናንድ ቶኒስ እ.ኤ.አ. በ1887 ባሳተመው መጽሐፍ የለያቸው እነዚህኑ ሁለት አኗኗሮች ነው።

ኢንዱስትሪ ፓርካችንን ተመልከት። ከገጠር የመጣች ልጅ ኮሌታ ትሰፋለች፣ ቀጥላ ያለችው እጅጌ ትገጥማለች፣ ሌላዋ ቁልፍ ትተክላለች። ስም ለስም ባይተዋወቁም አንዷ ከቀረች የሌሎቹ ሥራ ይጓተታል። ፈረንሳዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ኤሚል ዱርካይም እ.ኤ.አ. በ1893 የጻፈው ይህንኑ ነው፦ የዘመኑን ሰው የሚያያይዘው መመሳሰሉ ሳይሆን በሥራ ተከፋፍሎ መፈላለጉ ነው። ማታ ከፈረቃ ስትወጣ ግን አንድ ክፍል አብረዋት ወደተከራዩት ጓደኞቿ ነው የምትገባው። ደሞዝ ሲወጣ ዕቁብ ይጥላሉ፣ ሐዘን የደረሰባትን አዋጥተው ይሸኛሉ። በአንድ ቀን ሁለቱንም ትኖራለች። ቃሉን ካደባለቅነው ይህ ኑሮዋ አይታየንም።

የፒያሳው ጋሼ፦
ልጆች፣ አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ዕድሜ ላለን ሰዎች «ኅብረተሰብ» የደርግ ሽታ አለው። ታኅሣሥ 1967 «ኅብረተሰባዊነት» ከታወጀ ወዲህ ከሬዲዮ አልጠፋም ነበር። ብዙ ሰው ዛሬ ለሁሉም «ማኅበረሰብ» የሚለው አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ዜናውም «ዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ» ይላል፤ ማን ከማን ተዋውቆ?

የታቦር ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ዕድርስ ከየትኛው ይመደባል?

ሐይቅ ዳር፦
እሱ ነው ከባዱ። ጥሩንባ ሲነፋ የሚወጣው ጎረቤት ነው፣ ለቅሶው የጋራ ነው፤ ስለዚህ ማኅበረሰብ። ነገር ግን ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ የጽሑፍ ደንብ አለው፤ ቀብር የቀረ ይቀጣል፣ ድንኳኑና ወንበሩ በመዝገብ ይወጣል። ብዙዎች የገጠር ቅርስ ያደርጉታል እንጂ ከተማ ውስጥ፣ ዘመድ ርቆባቸው ከየአገሩ በተሰባሰቡ ሰዎች ዘንድ ነው የተስፋፋው። ፈተና ላይ ከመጣብህ «ማኅበረሰብ» በል፣ ደንቡን ግን ሳትጠቅስ አትለፍ።