ሲፓፑን መልበስ አቃተኝ፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። የእንቅልፍ አፕኒያዬ ከባድ ነው ተባልኩ፤ ተኝቼ ሳለሁ ትንፋሼ በሰዓት ከ30 ጊዜ በላይ ይቋረጣል። ሲፓፕ፣ ማለትም ሌሊት በጭምብል አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ የሚያደርገውን መሣሪያ ሰጡኝ፣ ግን ጭምብሉን ሳደርገው የታፈንኩ ይመስለኛል፣ ሌሊት ሳላውቀው አውልቄ እጥለዋለሁ። ሌላ መላ የምታውቁ?

መልስ 1፦ ሙሉ ፊት የሚሸፍነው ከሆነ አፍንጫ ቀዳዳ ላይ ብቻ የሚገባውን ጠይቅ። ቀን ቴሌቪዥን እያየህ ልመደው። ራምፕ የሚባለውንም አብራው፣ ግፊቱ ቀስ እያለ ይጨምራል።

መልስ 2፦ ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳትከተው! ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ) እና ብዙ ኢንሹራንሶች ለመሣሪያው መክፈላቸውን ለመቀጠል በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት አብዛኛውን ሌሊት ቢያንስ 4 ሰዓት መጠቀምህን ያያሉ።

መልስ 3፦ እኔ ጨርሶ እምቢ ስላለኝ ተኝቼ ጉሮሮዬ እንዳይዘጋ የምላስ ነርቭ የሚያነቃ መሣሪያ በቀዶ ጥገና አስገባሁ። ለሁሉም አይሆንም፣ ሐኪሞቹ የሰውነት ክብደትም ያያሉ። እስከዚያው በጎንህ ተኛ፣ እንቅልፍ እያዳፋህ ግን መኪና አትንዳ ወንድሜ።