ለጥገና ወደ ቻይና ስለሚላክ የእጅ ሰዓት የቀረበ የእርዳታ ጥያቄ

የታወቀ የስዊዝ ሰዓት ቅጂ የሆነ፣ በራሱ የሚሞላ የእጅ ሰዓት ከቻይና አስመጥቼ ነበር። አሁን ግን እኩለ ሌሊት ላይ ቀኑ ሊቀየር ሲል የሰከንድ ቆጣሪው ይንቀጠቀጥና ቀጥ ይላል፤ ጧት ጧትም ከመስታወቱ ሥር ጉም ይታያል። እዚህ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ አካባቢ ያሉ ሰዓት ሠሪዎች ከፍተው ካዩት በኋላ፣ ሞተሩ በሰዓት 28,800 ጊዜ የሚመታው ኢቲኤ 2824 የተባለው የስዊዝ ሞተር ቅጂ በመሆኑ መለዋወጫ እንደማያገኙለት ነገሩኝ። ሻጩ የመላኪያውን ወጪ እኔ ከቻልኩ በነፃ እንደሚጠግነው ነግሮኛል። (አዲስ ግዛ የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ የእኔ ጥያቄ ግን እርሱ አይደለም።)

ያስጨነቀኝ ጉምሩክ ነው። ሲኤን 23 በተባለው የፖስታ ቅጽ ላይ የዕቃውን ምንነትና ዋጋ በትክክል መሙላት ግዴታ በመሆኑ፣ «ለጥገና የሚላክ ያገለገለ ሰዓት» ብዬ ብጽፍም እንኳ በሰዓቱ ገጽ ላይ የታተመው የሌላ ድርጅት የንግድ ምልክት ዕቃውን ሊያስወርሰው ይችላል። ምልክት የሌለበትን ሞተር ብቻ አስነቅሎ መላክ ይሻል ይሆን? ተጠግኖ ሲመለስስ እንደ አዲስ ዕቃ ቀረጥ እንዳልጠየቅ ከመላኬ በፊት ምን ማስረጃ ላዘጋጅ? ይህን ያለፋችሁበት ወይም በጉምሩክ አስተላላፊነት የምትሠሩ ብትመክሩኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።