የኤፍዲዋ ፍሪሲዮንና ቮላኖ፦ ረቂቁ እስከ እሁድ ይለቅ

ደረጀ፦
ረቂቁ ይኸው። የማኅበራችን መኪና ማዝዳ አርኤክስ-7 (ኤፍዲ የምንላት)፣ ሞተሩ ኤልኤስ1 5.7 ሊትር፣ ካምቢዮው የካማሮ ቲ56፣ ታውቁታላችሁ። የፋብሪካው ቮላኖ (ከክራንኩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) እና ባለ አንድ ሸራ (የሚይዘው ክብ ዲስክ) ፍሪሲዮን ይወርዳል። በምትኩ 7.25 ኢንች (184 ሚሜ) ባለ ሁለት ሸራ ሲንተርድ (ከብረት ዱቄት በሙቀት የተሠራ) ከትንሽ ቮላኖ ጋር ይገባል፤ ለፍጥነት። ከካዝና 1,900 ዶላር። ተቃውሞ ያለው አሁን ይናገር፤ እንደ ራዲያተሩ ከተገዛ በኋላ አይሆንም።

ሄኖክ፦
"ለፍጥነት" የሚለውን ሰርዘው። ቲ56 በ6,000 ዙር ማርሽ አልገባ የሚለው ከቮላኖው ይልቅ በሸራው ክብደት ነው። ሸራው ከካምቢዮው ዘንግ ጋር ስለሚዞር ሲንክሮናይዘሩ (ማርሽ ሲገባ ዙሮቹን የሚያስማማው ቀለበት) በየማርሹ የሚታገለው ከእሱ ጋር ነው። ዲያሜትሩ ማነሱ የሚጠቅመን እዚያ ላይ ነው፤ የቮላኖው መቅለል ተጨማሪ ነው። እንዲህ ካልተጻፈ ሜሮን አትፈርምም።

ሜሮን፦
እንዲህ ቢጻፍም ደረሰኝ ሳላይ አልፈርምም።

ጋሽ ታዬ፦
ይሄ ፍሪሲዮን ይንኳኳል። ፌስቲቫሉ ላይ ሕዝብ መሀል አቁመናት ሞተር ሲነሳ "ፍሪሲዮኗ አልቋል" ልንባል ነው? የማኅበሩ ስም ተለጥፎባታል።

ሳሚ፦
ጋሽ ታዬ፣ የምትሠራው ለሰሚት ፖይንት የውድድር ሜዳ ነው ወይስ ለፓርኪንግ?

ጋሽ ታዬ፦
ስፖንሰር የተገኘው ፓርኪንግ ላይ ነው።

ሄኖክ፦
ሁለት ዓይነት ድምፅ አለ፣ አታደባልቁት። ፔዳል ሲረገጥ የሚንቀጫቀጨው በሁለቱ ሸራዎች መሀል ያለው ብረት ነው፤ ጫናው ሲለቀው ከያዙት እግሮች ጋር ይጋጫል፣ ምንም ችግር የለውም። ፔዳል ተለቆ በኒውትራል የሚሰማው ግን የካምቢዮው ጥርስ ነው። የሸራው መሀል ስፕሪንግ ስለሌለው የሞተሩ ንዝረት ሳይበርድ ይገባል። ይኼኛው ሚኒሞውን (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን) ከ800 ወደ 950 ዙር ብናወጣው ይቀንሳል። የመጀመሪያው አይቀንስም።

ጋሽ ታዬ፦
ስለዚህ ይንኳኳል።

ሳሚ፦
ሙዚቃ ከፍ አድርጎ መቆም ነዋ።

ጋሽ ታዬ፦
ቀልድ ከሆነ መዋጮዬ ይመለስልኝ። ሦስት ዓመት ከፍያለሁ።

ሜሮን፦
ሳሚ!

ሳሚ፦
እሺ ጋሼ፣ ይቅርታ። ግን ማርሚታው ተከፍቶ እያለ ማን ፍሪሲዮን ይሰማል?

ጋሽ ታዬ፦
እሱም ሌላው ነው። ማርሚታው ይዘጋ ብዬ ነበር።

ብሩክ፦
ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን መዛነፍ የሚለካ ሰዓት መሰል መለኪያ) አለኝ። ቅዳሜ መጥቼ ቤልሃውዚንጉን (ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘውን ቤት) እለካለሁ።

ሄኖክ፦
ጎሽ። ባዶውን ሞተሩ ላይ ይታሰርና ጌጁ ክራንኩ ላይ ተተክሎ የመሀል ቀዳዳው ዙሪያ ይነበብ። ጠቅላላው ከ0.13 ሚሜ ካለፈ ኦፍሴት ፒን (መሀሉ የተዛነፈ፣ ቤቱን ወደ መሀል የሚመልስ ፒን) ያስፈልጋል። ንባቡ የመዛነፉ እጥፍ ነው፤ 0.36 ካሳየ የሚገዛው የ0.18 ፒን ነው። ይህን ዘሎ ካምቢዮውን በብሎን እየጎተቱ ማስገባት የክራንኩን ትንሽ ኩሽኔታ ይጨርሰዋል፣ ሸራውንም ያጣምማል።

ሁለተኛ፣ ከብሎኩ ፊት እስከ ዲያፍራሙ (ሸራውን የሚጫነው ስፕሪንግ) ጣቶች ይለካ፤ ከቤልሃውዚንጉ ፊት ጣቶቹን እስከሚገፋው፣ ወደ ውስጥ ተገፍቶ እስከገባው የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ይለካ። ልዩነቱ ከ4 እስከ 5 ሚሜ መሆን አለበት። ሸራ እያለቀ ሲሄድ ጣቶቹ ወደ ካምቢዮው ይመጣሉ፤ ክፍተት ከሌለ ማንም ሳይረግጠው ይንሸራተታል። ከሰፋ ደግሞ የስሌቩ (ኩሽኔታውን በዘይት የሚገፋው) ፒስተን ከቤቱ ወጥቶ ዘይቱን ይደፋል። ትንሹ ፍሪሲዮን ቁመቱ ከፋብሪካው ስለሚለይ ከስሌቩ ኋላ ሺም (ስስ ማስተካከያ ብረት) ሳይገባ አይቀርም። የፔዳል ማቆሚያ ብሎን ግዴታ ነው፤ እስከ ወለል ከተረገጠ ዲያፍራሙ ይበላሻል።

ደረጀ፦
የፋብሪካው ቮላኖ ብሎን በ20፣ በ50፣ ከዚያ በ100 ኒውተን ሜትር ነው የሚጠብቀው። አዲሱ ከኪቱ ጋር በሚመጣ ብሎን፣ በኪቱ ወረቀት ልክ። እንዳትቀላቅሉ።

ሜሮን፦
ጥያቄ። ተጎታቹ ላይ ማን ነው የሚያወጣት? ባለፈው በኋላ ማርሽ ፍሪሲዮን እያስጮኸ ነበር።

ሄኖክ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። 184 ሚሜ ብረቱ ትንሽ ስለሆነ ሙቀት የሚይዝበት ቦታ የለውም። ራምፕ ላይ ግማሽ እየረገጡ ማውጣት የመሀሉን ብረት ያጎብጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ፔዳል ቢረገጥም አይለቅም። ዊንች (መኪናዋን በገመድ የሚጎትት ማሽን) ያስፈልጋል።

ጋሽ ታዬ፦
ዊንች ይገዛ። እደግፋለሁ።

ሳሚ፦
እኔም። ስንት ፓውንድ?

ደረጀ፦
ብሩክ፣ ቅዳሜ ጠበቅንህ። ልኬቱስ?

ደረጀ፦
ብሩክ?

ሜሮን፦
ዊንችና ማርሚታ ከገቡ 1,900 አይበቃም። የሚወርደው የቱ ነው?

ደረጀ፦
የተሻሻለው ረቂቅ፦ ዊንች ከነባትሪው፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮኑ ደግሞ የኤልኤስ7 290 ሚሜ ባለ አንድ ሸራ ከስፕሪንግ ጋር። አይንኳኳም።

ሄኖክ፦
የ290 ሸራ ከ184ቱ ጋር አይወዳደርም። ማርሹ 6,000 ላይ እንደ ድሮው አልገባ ይላል። የተነሳንበትን ጉዳይ እኮ ነው ያወጣችሁት።

ጋሽ ታዬ፦
አይንኳኳም ተብሏል። ይጽደቅ።

ሳሚ፦
ዊንቹን ዛሬ ማዘዝ እችላለሁ። የተጎታቹ ፊት ላይ ያለው ብረት ውፍረቱ ስንት ነው? ለብሎኑ ቀዳዳ ልብሳ።