ክርክር፦ ወራሪ አለመሆኑ ያልተጣራ የውጭ ዘር ይግባ?

አወያይ፦ ለመኖ፣ ለጥላ፣ ለጌጥ እየተባለ ብዙ ዓይነት ዘር ከውጭ ይገባል። “ወራሪ አለመሆኑ ሳይጣራ አዲስ ዝርያ አይግባ” የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ወራሪ የሚባለው ከገባ በኋላ በራሱ እየተዛመተ ነባሩን ዕፅዋት የሚያፈናቅል ነው። ምን ትላላችሁ?

የአሚባራ ልጅ፦ በሙሉ ልብ እደግፋለሁ። አፋር ላይ የደረሰብን ሌላው ላይ እንዲደርስ አልፈልግም። ፕሮሶፒስ የሚባለውን እሾሃማ ዛፍ ማንም በክፋት አላመጣውም። በደርግ ዘመን መካከለኛው አዋሽ ላይ ለጥጥ እርሻው ጥላና የነፋስ መከላከያ ይሁን ተብሎ ነው። ዛሬ ክልሉ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይዟል። እንዴት እንደሚዛመት ልንገራችሁ። ፍሬው ጣፋጭ ስለሆነ ከብቱ ይወደዋል። ዘሩ ግን ሆድ ውስጥ አይሞትም፤ ከእበቱ ጋር ወጥቶ ዝናብ ሲያገኝ ይበቅላል። በድርቅ ከብቱ ግጦሽ ፍለጋ ሩቅ ሲሄድ ዘሩም አብሮት ይሄዳል። ቆርጠህ ጨረስኩ ስትል ጉቶው ያቆጠቁጣል። ሳሩና ግራሩ የነበረበት ቦታ አሁን ከብት የማያልፍበት የእሾህ ጫካ ነው።

የመኖ ነጋዴ፦ ቁጭትህ ይገባኛል። ግን በዚህ አያያዝ በቆሎም በርበሬም ባልገቡ ነበር። ባህር ዛፍስ? በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣት እሱ ነው። ገበሬው መኖ አጥቷል። “ይጣራ” ሲባል ደግሞ ፋይሉ ቢሮ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚተኛ እናውቃለን።

ዕፅዋት አጥኚ፦ በቆሎን ከፕሮሶፒስ ጋር አታወዳድር። በቆሎ ሰው ካልዘራው ራሱን አያራባም። ማጣራቱም ያን ያህል አይከብድም። የመጀመሪያው ጥያቄ “ይህ ዝርያ ሌላ ሀገር ገብቶ ምን አደረገ?” ነው። ሉኪንያ የሚባለው ዛፍ ግሩም መኖ ነው፣ አልክድም። ግን ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ካወጣው የ100 አስከፊ ወራሪዎች ዝርዝር ውስጥ አለ። ለአጥርና ለአበባው ተብሎ የተተከለው የወፍ ቆሎም እዚያው አለ። ይህን ለማየት ዓመት አይፈጅም። ሌላም ነገር አለ፤ ዘር ሲገባ የሚደረገው የኳራንቲን ፍተሻ በዋናነት የሚፈልገው ተባይና በሽታ ነው። ንጹሕና ጤነኛ ዘር ደግሞ ወራሪ ሊሆን ይችላል።

ከቆቦ፦ እናንተ የምታወሩት ሰው ስለሚዘራው ነው። ቅንጬ አረምን ማን ዘራው? ከእርዳታ እህል ጋር ገባ ነው የሚባለው። አሁን ማሽላችን መሀል ቤተኛ ሆኗል። ስንነቅለው ያሳክከናል። ላም ከበላችው ወተቷ ይመርራል። አንዱ እግር ብቻ በሺህ የሚቆጠር ዘር ይጥላል። እና የሚገባው እህልም ይፈተሽ እንጂ የዘር ከረጢት ብቻ አይደለም።

የመኖ ነጋዴ፦ የእህሉን ነገር እቀበላለሁ። ለማጣራቱም የጊዜ ገደብ ይቀመጥለት፤ መልሱ እምቢም ቢሆን በቀኑ ይነገረን። ያኔ አልቃወምም።

የአሚባራ ልጅ፦ ገደቡ ይቀመጥ። ግን ዝርያው አምልጦ የሰው ግጦሽ ሲወር የሚነቀልበትን ወጪ ማን ይችላል? እስካሁን አርብቶ አደሩ ነው የቻለው፣ ያውም በመጥረቢያና በዶማ። አስመጪው ከማስገባቱ በፊት ዋስትና ያስይዝ። አንተ ታስይዛለህ?