ናስካር ዋትኪንስ ግሌን ላይ መቼ ጀመረ? መሃል ላይ ለምን 20 ዓመት ጠፋ?

ኩርባ_ወዳድ

ሰላም ለሁላችሁ። ናስካር ሲባል፣ የአሜሪካው የመኪና እሽቅድምድም ማለቴ ነው፣ እኔ የማውቀው ኦቫሉን ነው፣ ወደ ግራ ብቻ እየታጠፉ መዞር። ከዛ የ2025ቱን የዋትኪንስ ግሌን ውድድር አየሁ፣ ሼን ቫን ጊስበርገን ሁሉንም ጥሎ ከ11 ሰከንድ በላይ ቀድሞ ሲገባ። ቀኝ ግራ፣ ዳገት ቁልቁለት፣ ማርሽ መቀያየር፣ በቃ ሌላ ስፖርት ነው የሆነብኝ። ታሪኩን ላጥና ብዬ የአሸናፊዎቹን ዝርዝር ስከፍት ግን 1957 አለ፣ ከዛ 1964 እና 1965 አለ፣ ከዛ እስከ 1986 ምንም የለም (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር)። ያን ሁሉ ጊዜ ቦታው ተዘግቶ ነው ወይስ ናስካር ራሱ ትቶት? ሌላው ጥያቄዬ፣ ረጅሙ የኋላ ቀጥታ መጨረሻ ላይ ያለችው ቀኝ ግራ ግራ ቀኝ የምታስብል ጠባብ ቦታ ለምን ተሰራች? እንደዛ እየበረሩ መጥተው ድንገት መቆም አለባቸው እኮ፣ ሲታይ በኋላ የተለጠፈች ነገር ነው የምትመስለው። የሚያውቅ ካለ ከስር ከመሰረቱ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል፣ ቢረዝምም አነባለሁ።

የድሮ_ሞተር

ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ፣ እንዲያውም ሁለቱ ጥያቄዎችህ መልሳቸው አንድ ቦታ ነው የሚገናኘው። የዚህ ትራክ ቅርጽ በአደጋ ነው የተሰራው። ማለቴ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እንዲህ ይሁን ብሎ የሳለው አይደለም፣ የሆነ ነገር ይደርሳል፣ ከዛ ይቀየራል፣ እንደገና ይደርሳል፣ እንደገና ይቀየራል።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ዋትኪንስ ግሌን ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ከሴኔካ ሐይቅ ደቡብ ጫፍ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በ1948 ካሜሮን አርጌትሲንገር የሚባል የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ ለከተማው ሰዎች በዚሁ በመንገዳችን ላይ እሽቅድምድም እናድርግ ብሎ አሳመናቸው። 10.6 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዙር፣ በዋናው መንገድ ይነሳና ዳገቱን ወጥቶ፣ የድንጋይ ድልድይ አልፎ፣ የባቡር ሐዲድ አቋርጦ ይመለሳል፣ ውድድሩ እስኪያልቅ ባቡሩን ያስቆሙት ነበር። የመጀመሪያውን ፍራንክ ግሪስወልድ በአልፋ ሮሜዮ አሸነፈ። በ1952 ግን አንዲት መኪና መንገድ ዳር የቆመውን ሕዝብ ነክታ አንድ የ7 ዓመት ልጅ ሞተ፣ ሌሎችም ቆሰሉ። ከዛ በኋላ በከተማው መሃል መሮጥ ቀረ። ለጥቂት ዓመት ከከተማው በላይ ባለው የገጠር መንገድ ሮጡና በ1956 ለእሽቅድምድም ብቻ የተሰራው ቋሚ ትራክ ተከፈተ፣ 2.3 ማይል፣ ወደ 3.7 ኪሎ ሜትር።

ናስካር የመጣው በዓመቱ ነው፣ ነሐሴ 1957። ባክ ቤከር በሼቭሮሌት አሸነፈ፣ የዛን ዓመት ሻምፒዮንም እሱ ነው። ከዛ 1964 ላይ ቢሊ ዌድ። እሱ ሰውዬ ያሳዝነኛል፣ በዛች ሐምሌ አራት ውድድር በተከታታይ አሸንፎ አራተኛው ግሌን ነበር፣ በቀጣዩ ጥር ፍሎሪዳ ባለው የዴይቶና ትራክ ላይ ጎማ ሲሞክር ተጋጭቶ ሞተ። 1965 ደግሞ ማርቪን ፓንች።

አሁን ወደ ባዶው ጊዜ እንምጣ። ትራኩ አልተዘጋም ነበር፣ ይልቅ ትልቁ ዘመኑ እሱ ነው። ከ1961 እስከ 1980 ፎርሙላ 1 የአሜሪካ ግራንድ ፕሪውን እዛ ነው ያካሄደው፣ ጥቅምት ላይ ዛፉ ቀይና ቢጫ ሲሆን። ናስካር በዛን ጊዜ የደቡብ ስፖርት ነበር፣ በ1964 ዓመቱን ሙሉ 62 ውድድር ነበረው፣ ወደ ሰሜን ሲወጣ ብዙ ትንንሽ ውድድር በተከታታይ ያካሂድና ይመለሳል፣ ግሌንም ከነሱ አንዱ ነበር እንጂ ቋሚ ቦታ አልነበረውም። በ1972 ካላንደሩን ከ48 ወደ 31 ሲቆርጡት ደግሞ አጫጭሮቹ ሁሉ ወጡ፣ ስለዚህ የመመለሻው በር የባሰ ጠበበ።

ግን ፎርሙላ 1 ራሱ እዛ በሐዘን ነው ያለቀው። 1973 ፍራንሷ ሴቬር፣ 1974 ሄልሙት ኮይኒግ፣ ሁለቱም ብረት አጥር ውስጥ ገብተው ሞቱ። ትራኩን አሻሻሉ፣ ሆኖም ገንዘቡ አልቆ ነበር፣ የቡድኖቹን ዕዳ መክፈል አቃታቸውና በ1981 ከሰረ። ያኔ ነው በእውነት ባዶ የሆነው፣ ለሁለት ሶስት ዓመት ሳር በቀለበት።

ያዳነው ምን መሰለህ፣ በ1983 ጎረቤት ከተማ ያለው የመስታወት ኩባንያ ኮርኒንግ ከኢንተርናሽናል ስፒድዌይ ኮርፖሬሽን ጋር ሆኖ ገዛው። ኢንተርናሽናል ስፒድዌይ ማለት ደግሞ የፍራንስ ቤተሰብ ነው፣ ናስካርን የመሰረቱት። ትራኩ የነሱ ከሆነ ውድድሩ አይቀርም፣ 1984 ተከፈተ፣ 1986 ናስካር ተመለሰ፣ ቲም ሪችመንድ አሸነፈ። ከዛ ወዲህ በየዓመቱ አለ፣ 2020 ብቻ በኮቪድ ምክንያት ቀርቶ ወደ ዴይቶናው ሮድ ኮርስ (እንደ ግሌን ቀኝም ግራም የሚታጠፉበት ትራክ) ተዛወረ።

የጠየቅካት ጠባብ ቦታ በ1992 ነው የመጣችው፣ ምክንያቷ 1991 ነው። ድሮ የኋላው ቀጥታ ሳይቋረጥ እስከ ኩርባ 5 ይሄዳል፣ መኪናው ከፍተኛ ፍጥነቱ ላይ ደርሶ ነው ፍሬን የሚያዘው። በዛን ዓመት ሰኔ ላይ ቶሚ ኬንዳል የሚባል ነጂ በሌላ ዓይነት ውድድር እዛው ቦታ ወጥቶ ሁለት እግሩ ክፉኛ ተሰበረ። ነሐሴ ላይ ደግሞ የናስካሩ ውድድር ገና አምስተኛ ዙሩ ላይ የጄ ዲ ማክዳፊ መኪና ጎማዋ ተነቅሎ ከተደረደረ ጎማ ከተሰራው መከላከያ ጋር ተጋጨችና ተገልብጣ እዛው ሞተ። ማክዳፊ 653 ጊዜ ተወዳድሮ አንድም ቀን ያላሸነፈ፣ በራሱ ትንሽ ገንዘብ በየሳምንቱ የሚመጣ ሰው ነበር። አብሮት የወጣው ጂሚ ሚንስ ከራሱ መኪና ወርዶ ሮጦ ሄዶ በመስኮት አየውና እጁን እያወዛወዘ ሰው ሲጣራ በቴሌቪዥን ታየ። በቀጣዩ ዓመት ከኩርባው በፊት ያቺን ሰበር አስገቡ፣ ኢነር ሉፕ ይሏታል፣ ባስ ስቶፕም ይሏታል። ተለጠፈች ያልከው ትክክል ነው፣ ግን ማንም እንድትነሳ የሚጠይቅ የለም።

ማርሽና_ፍሬን

የድሮ_ሞተር ጥሩ አድርጎ አስቀምጦታል፣ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ናስካር ሮድ ኮርስ የጀመረው ግሌን ላይ አይደለም። በ1954 ኒውጀርሲ ሊንደን ውስጥ የአየር ማረፊያ ላይ አንድ አካሂደዋል፣ አል ኬለር በጃጓር አሸነፈ፣ አዎ ጃጓር፣ የእንግሊዝ መኪና። ካሊፎርኒያ ያለው ሪቨርሳይድም እስኪዘጋ ድረስ፣ እስከ 1988፣ የናስካር ትልቁ ሮድ ኮርስ እሱ ነበር፣ ሶኖማ በ1989 ተተካለት። ግን ከዛሬዎቹ ውስጥ የ1957 ታሪክ ያለው ግሌን ነው።

እኔ የምወደው ስለ መኪናው ነው። ስቶክ ካር፣ ማለትም የናስካር መኪና፣ ከ1500 ኪሎ በላይ ነው፣ ለኦቫል ነው የተሰራው፣ ያንን ይዘህ ቀኝ መታጠፍ ራሱ ሥራ ነው። እስከ 2021 ድረስ ባለ 4 ማርሽ፣ ማርሹም እንደ ቤት መኪና በእጅ እየተፈለገ የሚገባ፣ የኋላው አክስል ደግሞ ድፍን ነበር፣ ስለዚህ ፍሬን ስትረግጥ ትንሽ ከበዛብህ የኋላ ጎማዎቹ መዝለል ይጀምራሉ፣ እሱ ከጀመረ መኪናው ዞሮ አጥሩ ጋ ነው። ስለዚህ በቀኝ እግር ጣት ፍሬን፣ በተረከዝ ነዳጅ፣ በግራ ፍሪሲዮን፣ እንዲህ እየጨፈሩ ነበር የሚነዱት። በ2022 የመጣው አዲሱ መኪና ባለ 5 ሴኩዌንሻል ማርሽ (ዘንጉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ እየገፉ በተራ የሚገባ)፣ የኋላ ጎማዎቹ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ፣ ትልቅ ጎማ በአንድ ቡሎን ብቻ የሚታሰር ሆነ። ቀለለ፣ እኔ በግሌ ትንሽ ከፍቶኛል፣ ድሮ ስህተት የሚሰራው ሰው ይለይ ነበር፣ አሁን ሁሉም ተቀራርቧል። ፍሬን ዘግይቶ መያዝ ሁሉም ስለሚችል ማለፍ ከበደ።

ፍሬን ካነሳን ግሌን ላይ ፍሬን ከጠፋ ወዮልህ። በ2000 ጂሚ ጆንሰን፣ ያኔ ገና ማንም ሳያውቀው በሁለተኛው ዲቪዚዮን፣ ኩርባ 1 ላይ ፍሬኑ እምቢ ብሎት ቀጥ ብሎ ሄዶ የፎሙ ግድግዳ ውስጥ ገባ። ሁላችንም አለቀ ብለን ስናይ ወጥቶ ጣሪያው ላይ ቆሞ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። ያ ሰው ነው በኋላ 7 ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው።

ኩርባ_ወዳድ

ዋው፣ አመሰግናለሁ ሁለታችሁንም፣ የማክዳፊን ታሪክ ጭራሽ አላውቅም ነበር። ሌላ ጥያቄ፣ በድሮ ጊዜ ለዚህ ውድድር ብቻ የሮድ ኮርስ ስፔሻሊስት ይቀጥሩ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ፣ እነሱ ያሸንፉ ነበር? ደግሞ አንድ ውድድር ብቻ እይ ብትሉኝ የትኛውን?

ሰማያዊ_አጥር

አዎ ይቀጥሩ ነበር፣ ግን ዋንጫው ለነሱ አልሆነም። ምሳሌ ልስጥህ፣ ካናዳዊው ሮን ፌሎውስ ግሌንን እንደ እጁ መዳፍ ነው የሚያውቀው፣ በትናንሾቹ ዲቪዚዮኖች እዛ አሸንፏል፣ በዋናው ግን በ1999 ከጄፍ ጎርደን ኋላ ሁለተኛ፣ በ2004 ከቶኒ ስቴዋርት ኋላ ሁለተኛ። ምክንያቱም ፍጥነት ብቻ አይደለም፣ ፒት ስቶፑ (ጎማ ለመቀየርና ነዳጅ ለመቅዳት መቆሙ) አለ፣ ነዳጁ አለ። ሮድ ኮርስ ላይ ስትራቴጂስቱ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ነው የሚቆጥረው፣ መጨረሻ ለመድረስ በስንተኛው ዙር ልቅዳ ብሎ፣ ቢጫ ባንዲራ (ትራኩ ላይ አደጋ ሲኖር ሁሉም ቀስ ብሎ እንዲነዳ የሚያዘው) በመሃል ከወጣ ደግሞ ሁሉም ይገለበጣል። ጄፍ ቦዳይን በ1996 እንዲህ ነው ያሸነፈው፣ ከሌሎቹ ባነሰ ፒት ስቶፕ፣ እዛው አካባቢ ቼመንግ የተወለደ ልጅ ስለሆነ ሕዝቡ አብዶ ነበር፣ የሕይወቱ የመጨረሻ ድልም ሆነ።

የግሌን ንጉሥ ስቴዋርት ነው፣ 5 ጊዜ፣ ከ2002 እስከ 2009 ባለው። ጎርደን 4፣ ሶስቱ በተከታታይ። ማርክ ማርቲንም ከ1993 እስከ 1995 ሶስት በተከታታይ አለው።

አንድ ብቻ ካልከኝ ግን ያለጥርጥር 2012። የመጨረሻውን ዙር ብቻ ብታይም ይበቃሃል። ካይል ቡሽ ይመራል፣ ከኋላው ብራድ ከሰላውስኪ፣ ሶስተኛ ማርኮስ አምብሮዝ፣ ከታዝማኒያ የመጣው አውስትራሊያዊ። ከአንድ መኪና የፈሰሰ ዘይት ትራኩ ላይ አለ፣ ቢጫ ግን አልወጣም። ቡሽ ኩርባ 1 ላይ ሰፋ ብሎበት ወጣ፣ ሲመለስ ከሰላውስኪ ነካውና ዞረ። ከዛ ሁለቱ እስከ መጨረሻው ድረስ እየተገፋፉ፣ ሳር ውስጥ እየገቡ፣ አንዱ ሲያልፍ ሌላው እየመለሰ፣ አምብሮዝ ቀድሞ ገባ። በጣም የምወደው ነገር ደግሞ ከመኪና ወርደው ሁለቱም እየሳቁ መሆናቸው ነው፣ ማንም ማንንም አልከሰሰም። አምብሮዝ 2011ንም አሸንፎ ነበር፣ በዋናው ዲቪዚዮን ያለው ድል እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ ሁለቱም ግሌን።

የድሮ_ሞተር

2012 ላይ አልከራከርም። እኔ ግን 2014ን እጨምራለሁ፣ ኤጄ አልመንዲንገር በአንድ መኪና ብቻ የሚሮጥ ትንሽ ቡድን ይዞ አምብሮዝን መጨረሻ ላይ አስቀርቶ ሲያሸንፍ። ለቡድኑ የመጀመሪያ ድሉ ነበር። በመሃል ከባድ አደጋ ሆኖ አጥሩ እስኪጠገን ውድድሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሟል፣ ያን ሁሉ ጊዜ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ምን ያህል ነርቭ እንደሚበላ አስበው። 2018ም አለ፣ ቼስ ኤልየት የመጀመሪያ ድሉን ያገኘው እዛ ነው፣ ሊጠናቀቅ ሲል ነዳጁ እያለቀበት፣ ትሩክስ ከኋላ እያሯሯጠው።

ማርሽና_ፍሬን

2022ንም አትርሱ! በዝናብ ጎማ የተጀመረው፣ ኪሚ ራይኮነን ከፎርሙላ 1 መጥቶ የተወዳደረበት። መጨረሻ ላይ ካይል ላርሰን ሪስታርቱ ላይ (ከቢጫ በኋላ ውድድሩ እንደገና ሲለቀቅ) ኤልየትን ኩርባ 1 ላይ ሰፋ አድርጎ ገፋውና አለፈው፣ የአንድ ቡድን ሰዎች ናቸው እኮ! ኤልየት የዛን ቀን ምን ያህል እንደተናደደ ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር፣ እኔም ለሱ ነው የፈረድኩት፣ ለቡድን ጓደኛ እንደዛ አይደረግም።

ሰማያዊ_አጥር

ወንድሜ የመጨረሻው ሪስታርት ላይ ጓደኛ የለም፣ ላርሰን ልክ ነበር። ኩርባ 1 ላይ ውስጡን የያዘ ሰው ውጪ ያለውን የመግፋት ዕድል አለው፣ ኤልየትም ሪስታርት ላይ የትኛውን መስመር እንደሚመርጥ እሱ ነው የወሰነው።

ኩርባ_ወዳድ

ሁሉንም ጻፍኳቸው፣ ቅዳሜና እሁድ ከ2012 እጀምራለሁ። አንድ የመጨረሻ፣ በአንዳንድ ዓመት ስሙ ላይ 355 የሚል ቁጥር አየሁ፣ ዙሩ ግን 90 ነው፣ 355 ምንድን ነው?

የድሮ_ሞተር

ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ዙር 2.45 ማይል፣ በ90 ስታባዛው 220.5 ማይል፣ ወደ ኪሎ ሜትር ሲቀየር 355 ገደማ። ሙሉው ትራክ ከዚህ ይረዝማል፣ በ1971 ቡት የሚሉት ቁልቁል የሚወርድ ክፍል ተጨምሮበታል፣ ናስካር ግን ስለማይጠቀምበት አጭሩን ነው የሚሮጡት። ከ2012 ስትጨርስ የ2024ን መጨረሻም እይ፣ አንተ በ2025 ሁሉንም ሲጥል ያየኸው ቫን ጊስበርገን በመጨረሻው ዙር እየመራ ባስ ስቶፗ ላይ ነው በክሪስ ቡሸር የተቀደመው።