ለ1.4 ኪሎ ስፖርት አውሮፕላን .25 ይሻላል ወይስ .40?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። በሬዲዮ የሚመራ የባልሳ (ቀላል እንጨት) ስፖርት ሞዴል አውሮፕላን እየሠራሁ ነው። ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 132 ሳ.ሜ፣ ወርዱ 24 ሳ.ሜ ነው። ፕላኑ 1.4 ኪሎና .25 ቱ ስትሮክ ሞተር ይላል (ቁጥሩ የሲሊንደሩ ይዘት በኪዩቢክ ኢንች ነው፤ .25 4 ሲሲ ገደማ ይሆናል)። እጄ ላይ ያለው ግን .40 ነው፤ ከነማርሚታው 370 ግራም ይመዝናል። .25ቱ 250 ነው። ጉልበት ከተረፈኝ ስሮትል ቀንሼ ባበረውስ? ኤሌክትሪክስ ያዋጣል?

መልስ 1
ጉልበቱን በስሮትል ትቀንሰዋለህ፣ ክብደቱን ግን በምን ትቀንሰዋለህ? ሒሳቡን እንሥራው። ሞተሩ ከሚዛን ነጥቡ 24 ሳ.ሜ ፊት፣ ጭራው 60 ሳ.ሜ ኋላ ነው እንበል። ትርፉን 120 ግራም ለማመጣጠን ጭራ ላይ 48 ግራም እርሳስ ትጨምራለህ (120 × 24 ÷ 60)። ስለዚህ ጭማሪው 168 ግራም ሆነ ማለት ነው። የክንፍ ጭነቱ በካሬ ዴሲሜትር ከ44 ወደ 49.5 ግራም ይወጣል፤ ይበራል፣ ግን ለማረፍ ፈጥኖ ይመጣል፣ ቀስ ሲልም ቶሎ ይወድቃል። ትልቁ ታንክና ፕሮፔለር ገና አልተቆጠሩም።

ሌላው ንዝረት ነው። ለ.25 የታሰበ 3 ሚ.ሜ ኮምፔርሳቶ .40ን አይችልም፤ መጀመሪያ የሚለቀው ማጣበቂያው ነው። ሙሉ ስሮትል ይዘህ ቁልቁል ስትወርድ ደግሞ ማጠፊያው የላላ አይለሮን (ክንፉ ኋላ ጠርዝ ላይ ያለው ማዘንበያ) መርገብገብ ይጀምራል፣ ያኔ ክንፉን ይዞት ይሄዳል። .25ቱን ግዛ። ፕሮፔለሩ 9×5 ይሁን (በኢንች፦ ዲያሜትሩ 9፣ ፒቹ ማለትም በአንድ ዙር የሚገፋው 5)፤ 9×6 ፍጥነት ይሰጣል፣ ሽቅብ ሲወጣ ግን ይደክማል።

መልስ 2
በመልስ 1 እስማማለሁ፣ ግን ኤሌክትሪኩን አትለፈው። ለስፖርት በረራ በኪሎ 250 ዋት ይበቃል፦ 1.4 × 250 = 350 ዋት። ባለ 3 ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ 11.1 ቮልት ስለሆነ 32 አምፔር ገደማ ይስባል። 1000 ኬቪ (በአንድ ቮልት የሚዞረው ዙር በደቂቃ) አካባቢ ያለው ብራሽለስ ሞተር፣ 10×5 ፕሮፔለርና 45 አምፔር ኢኤስሲ (የሞተሩ ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ያዝ። ፕሮፔለር በቀየርክ ቁጥር በዋት ሜትር ለካ፤ አንድ ኢንች ዲያሜትር ስትጨምር አምፔሩ ከምትገምተው በላይ ይዘላል፣ የሚቃጠለውም ኢኤስሲው ነው።

ከ2200 ሚሊአምፔር-ሰዓት ባትሪ 80 በመቶውን ብቻ ተጠቀም፤ በአማካይ 15 አምፔር ሲስብ 7 ደቂቃ ነው። 170 ሚሊ ሊትር ታንክ የያዘ .25 ከዚህ በላይ ይቆያል።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ፣ .25ቱን ወሰንኩ። ብዙ ሰው አውሮፕላኑን ሽቅብ ሲያወጣው ሞተሩ ይጠፋል ይላል፤ ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ 3
አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሞተሩ ሳይሆን የታንኩ ነው። የታንኩ መሐል ከካርቡሬተሩ መርፌ (ነዳጁን ከሚመጥነው ብሎን) ከ6 እስከ 10 ሚ.ሜ ዝቅ ይበል። ከዚያ በላይ ዝቅ ካለ አፍንጫው ሲነሳ ነዳጁ አይደርስም፣ ሞተሩ ይደርቃል። ታንኩን በስፖንጅ ጠቅልለው፤ እንጨቱን በቀጥታ ከነካ ንዝረቱ ነዳጁን አረፋ ያደርገዋል፣ በቱቦው ውስጥ የሚሄደው አየር ይሆናል። ከማርሚታው ወደ ታንኩ የሚመጣውን የግፊት ቱቦም አትርሳ።

መርፌውን ሙሉ ስሮትል ላይ ድምፁ ከፍ ብሎ እስኪረጋ አጥብብ፣ ከዚያ 2 ወይም 3 ጠቅታ መልሰህ ክፈት። አንድ ሰው አውሮፕላኑን አጥብቆ ይያዝልህና አፍንጫውን ወደ ላይ ቀጥ አድርጉት፤ ዙሩ ትንሽ ከጨመረ ደህና ነው፣ ከደከመ ሌላ ጠቅታ ክፈት። በዚህ ጊዜ ማንም ፕሮፔለሩ ፊት ወይም ጎን እንዳይቆም።

ሚዛኑን ታንኩ ባዶ ሆኖ እየው፦ ከክንፉ ፊት ጠርዝ 6.5 ሳ.ሜ። አፍንጫው ከቀለለህ እርሳስ ከመለጠፍህ በፊት የሪሲቨሩን (የሬዲዮ መቀበያውን) ባትሪ ከታንኩ ሥር ግፋው። ሞተሩ የሚታሰርበትን ጣውላና የታንኩን ክፍል ደግሞ ስስ ኤፖክሲ ቀባ፤ የጭስ ዘይት የጠጣ ባልሳ ሁለተኛ ማጣበቂያ አይዝም።