የፍቺ ክስና የድብደባ ክስ፦ የትኛው ይቀድማል?

ታላቅ ወንድም
የሕግ ዕውቀት ያላችሁን በትሕትና እጠይቃለሁ። አዲስ አበባ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ትዳር ከያዘች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ሁለት ልጆችም አሏት። ከሁለት ወር ከዐሥር ቀን በፊት ባለቤቷ ደብድቧት ሐኪም ቤት ታክማ ተመልሳለች፤ ድብደባው ግን የመጀመሪያው አልነበረም። በማግስቱ ወደ ፖሊስ ለመሄድ ስንነሣ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ደርሰው «የባልና የሚስት ነገር በሽምግልና እንጂ በፖሊስ አይፈታም፤ ታገሡ» ስላሉን እስከ ዛሬ ቆየን። አሁን ግን ለመፋታት ወስናለች። አንዱ ዘመዳችን «የቤተሰብ ችሎቱ ፍቺውን ሲያይ ድብደባውንም አብሮ ያያል» ይላል፤ ሌላው «መጀመሪያ ይፈረድበት፣ ፍቺው በኋላ ይቀላል» ይላል። ባልየውም «ካሳሰርሽኝ ከሥራዬ እባረራለሁ፤ ያን ጊዜ የልጆቹን ቀለብ ከማን እንደምትቀበዪ አያለሁ» እያለ ያስፈራራታል። በየትኛው እንጀምር?

የቀድሞ ዐቃቤ ሕግ
ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድመው ቀኑን ይቁጠሩ። ምክንያቱን እነግርዎታለሁ።

ሁለቱም ዘመዶችዎ ተሳስተዋል። የቤተሰብ ችሎት ጋብቻውን ያፈርሳል፣ ስለ ልጆቹ አስተዳደግና ቀለብ ይወስናል፣ የጋራ ንብረቱን ያካፍላል፤ ማንንም ግን በድብደባ ጥፋተኛ ብሎ አይቀጣም። የወንጀል ችሎቱም ይቀጣል እንጂ ትዳር አያፈርስም። መዝገቦቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ የሚያስገድድ ሕግም የለም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ጉዳይ የሚያዩት የቤተዘመድ ሽማግሌዎች ስለነበሩና «ከባድ ምክንያት» መኖር አለመኖሩም ይመረመር ስለነበረ፣ «መጀመሪያ ጥፋቱ ይረጋገጥ» የሚለው አስተሳሰብ ከዚያ የተረፈ ይመስለኛል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጥቷል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 564፣ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት እንደ ማንኛውም የአካል ጉዳት ወንጀል እንደሚያስቀጣ በግልጽ ደንግጓል፤ ስለዚህ አንድ የፖሊስ ባልደረባ «ይህ የቤት ጉዳይ ነው» ቢላችሁ አነጋገሩ ሕጋዊ መሠረት የለውም።

ወደ ቀኑ ልመለስ። በአንቀጽ 556 ንዑስ አንቀጽ 1 የተመለከተው ቀላል የአካል ጉዳት የሚያስቀጣው ተጎጂዋ አቤቱታ ስታቀርብ ነው፤ አቤቱታውም ድርጊቱ ወይም አድራጊው ከታወቀበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ሽምግልና ይህን ቆጠራ አያቆመውም። የቤተሰብ ችሎቱም የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብለት እስከ ሦስት ወር የሚደርስ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ የቤተሰብ ችሎቱን ሦስት ወር በትዕግሥት የጠበቁ ስንት ሴቶች የወንጀሉ ሦስት ወር አልፎባቸው ሲመለሱ በሥራ ዘመኔ አይቻለሁ። እናንተ የቀራችሁ ሃያ ቀን ያህል ነው።

ታላቅ ወንድም
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ሳልጠቅስ ቀርቻለሁ፤ የመታት በእጁ ብቻ ሳይሆን በመጥረጊያ እንጨትም ነው። የሕክምና ካርዷ አለ።

የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ
ይህ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ጉዳት ማድረስ የሚችል መሣሪያ ሥራ ላይ ከዋለ አንቀጽ 556 ንዑስ አንቀጽ 2 ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ይደነግጋል፤ የተጎጂዋ አቤቱታም ቅድመ ሁኔታ መሆኑ ይቀራል። ይሁን እንጂ የመጥረጊያ እንጨት እንዲህ ያለ መሣሪያ ነው አይደለም የሚል ክርክር ሊነሣ ስለሚችል፣ በዚህ ተማምናችሁ ሃያውን ቀን እንዳታሳልፉ።

ስለ ቀለቡ ዛቻ፦ እስራት የአባትነትን ግዴታ አያስቀርም። ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ መንፈግ ራሱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 658 ያስቀጣል። ከዚህም በላይ የፍቺ አቤቱታው እንደቀረበ ችሎቱ በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 82 መሠረት ስለ ልጆቹ አጠባበቅና ቀለብ፣ ስለ ንብረቱ አስተዳደር እንዲሁም ከጋራ መኖሪያው ማን መውጣት እንዳለበት ጊዜያዊ ትዕዛዝ ሊሰጥ ስለሚችል፣ እህትዎ የወንጀሉን ፍርድ ሳትጠብቅ ይህን ትዕዛዝ በዚያው አቤቱታ ትጠይቅ።

ድብደባው አባትየውን ልጆቹን እንዲያጣ ያደርገዋል ብላችሁ ግን እርግጠኛ አትሁኑ። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 113 የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና የአኗኗር ሁኔታ ከልጆቹ ዕድሜና ጥቅም ጋር እንዲመዘን ያዛል፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 23632 ከሁሉ የሚቀድመው የልጁ ጥቅም መሆኑን ወስኗል። ስለዚህ ልጆቹ ድብደባውን አይተው ከነበረ፣ በእነርሱ ላይ ያደረሰውን ማስረዳት አባታቸውን ከመውቀስ ይልቅ ይጠቅማችኋል።

በወንጀል ነፃ ቢወጣም ሁሉም ነገር አላበቃም። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 84 ለፍቺው ምክንያት የሆነው ወገን ካሣ እንዲከፍል ይፈቅዳል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149ም የወንጀል ችሎት በነፃ ማሰናበቱ ጥፋት መኖር አለመኖሩን የሚመረምረውን የፍትሐ ብሔር ዳኛ እንደማያስገድደው ይናገራል። የማስረዳቱ ሸክም በሁለቱ ችሎቶች እኩል አይደለምና፤ የወንጀሉ ይከብዳል።

 

የሁለት ልጆች እናት
እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ያለፍኩበትን ብቻ እናገራለሁ። ሽማግሌዎቹ «አቤቱታሽን አንሺ፣ እርሱም ቤቱን ይተውልሽ» ብለው ወረቀት አስፈረሙን። ሦስት ወሩ ካለፈ በኋላ ባለቤቴ የቤቱን ነገር ካደ፤ እኔም ወደ ፖሊስ የምመለስበት መንገድ አልቀረልኝም። ወንድሜ፣ ለእህትህ ንገራት፤ የወንጀሉን አቤቱታ ለንብረት ድርድር መያዣ አታድርገው። ደግሞም ለወንጀሉ ጉዳይ ካርዱ ብቻውን አልበቃኝም ነበር፤ ሐኪም ቤቱ የማስረጃውን ወረቀት የጻፈልኝ ፖሊስ በደብዳቤ ሲጠይቅ ነው፤ ያም ቀናት ወሰደ።

የቀድሞ ዐቃቤ ሕግ
እህታችን የተናገሩት ትክክል ነው። ታናሽ እህትዎ ለፖሊስ ቃሏን ስትሰጥ የእንጨቱን ነገር በግልጽ እንድታስመዘግብና ከመፈረሟ በፊት የተጻፈውን እንድታነበው አሳስቧት። ከክልል ሆናችሁ የምታነቡ ካላችሁም፣ በርካታ ክልሎች የራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ስላወጡ ከላይ የተጠቀሱት የቤተሰብ ሕግ አንቀጾች ቁጥር ሊለያይ ይችላል፤ የወንጀል ሕጉ ግን በመላው አገሪቱ አንድ ነው።

ታላቅ ወንድም
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነገ ጠዋት ካርዷን ይዘን ፖሊስ ጣቢያ እንሄዳለን፤ የፍቺ አቤቱታውን ደግሞ በዚሁ ሳምንት ጠበቃ ያዘጋጅልናል። ሽማግሌዎቹን ዛሬ ማታ እኔ ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።